ደናግሉ የሚኖሩበት ቤት የማን ነው?



«መነኩሲት» ሲባል በአብዛኞቻችን ዐይነ ሕሊና የሚመጡት እማሆይ ናቸው። ቢጫ ልብስ ለብሰው፣ ቆብ ደፍተው፣ መቁጠሪያ ይዘው፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አጠገብ ባለች ጎጆ፣ ወይም ባላቸው ከሞቱ በኋላ እዚያው በቤታቸው የሚኖሩ እናት። የካቶሊክ ደናግል ኑሮ ግን ከዚህ ይለያል። እኛ የምናውቃቸው በክሊኒክ፣ በትምህርት ቤት፣ በልብስ ስፌት ማሠልጠኛ ነው። የምንጠራቸውም «ሲስተር» ብለን ነው። አዲስ አበባ የኖረ ሰው ስድስት ኪሎ ያለውን የማዘር ትሬዛን ቤት፣ ሰማያዊ ጥለት ያለው ነጭ ሳሪ የለበሱትን ሴቶችም ያውቃል።

መሽቶ የክሊኒኩ በር ሲዘጋ እነዚህ ሴቶች የት ይገባሉ? የሚገቡበት ቤት የማን ነው? ሲያረጁስ ማን ይጦራቸዋል? ልጅ የላቸውም፣ ባል የላቸውም፣ ከአባታቸው ቤት ከወጡ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው የማኅበራችን የንባብ ቡድን አባላት ነን። ከመካከላችን ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም አለን። የማንንም ሃይማኖት ልናወድስ ወይም ልንነቅፍ አልተነሣንም። ወንድ አባወራ በሌለበት ቤት፣ አንድ ማዕድ ቆርሰው፣ ገንዘባቸውን በአንድ ከረጢት አድርገው ለመቶዎች ዓመታት የኖሩ ሴቶች ታሪክ እንደኛ ላለ የመረዳጃ ማኅበር ብዙ ቁም ነገር ስላለው ነው የጻፍነው። ዘመኑን የምንቆጥረው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ግንቡ እንዴት ተሠራ

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሁለት ዓይነት ኑሮ አለ። አንደኛው ከገዳም ሳይወጡ በጸሎትና በእጅ ሥራ የሚኖሩት መነኮሳይት ኑሮ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በጋራ ቤት እየኖሩ ቀን ቀን ለማስተማር፣ ለማከም፣ ድሃ ለመርዳት የሚወጡት ሲስተሮች ኑሮ ነው። በከተማችን የምናያቸው ሁለተኞቹ ናቸው። በቤተ ክርስቲያኒቱ ታሪክ ግን ለረጅም ዘመን እንደ ሕጋዊ የሚቆጠረው የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

የዝግ ገዳም ነገር ሲነሣ የአሲዚዋን ክላራን ማንሣት ግድ ነው። ክላራ የባለጸጋ ልጅ ነበረች። በ1212 ገደማ ከወላጆቿ ቤት ወጥታ በጣሊያን አገር አሲዚ አጠገብ ሳን ዳሚያኖ በምትባል ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ከሌሎች ሴቶች ጋር መኖር ጀመረች። በዚያ ዘመን የሴቶች ገዳም የሚኖረው በርስትና በእርሻ ገቢ ነበር። ክላራ ግን ቤታችን ርስት አይኑረው፣ በእጃችን ሥራና በምጽዋት እንኑር ብላ ዕድሜዋን ሙሉ ከጳጳሳት ጋር ተሟገተች። ለእኅቶቿ የጻፈችው የኑሮ ደንብ በ1253 ሲጸድቅ ሞት አፋፍ ላይ ነበረች። ደንቡ በጸደቀ በሁለተኛው ቀን አረፈች።

ከእርሷ በኋላ ግንቡ እየጠበቀ ሄደ። በ1298 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቦኒፋስ 8ኛ መነኮሳይት ሁሉ ከገዳማቸው እንዳይወጡ፣ እንግዳም ያለ ፈቃድ እንዳይገባ የሚያዝ ሕግ አወጡ። በ1563 የትሬንት ጉባኤ ይህንኑ አጸና። በሩ ተቆለፈ፣ መስኮቱ በብረት ፍርግርግ ታጠረ። ዱቄቱም ደብዳቤውም የሚገባው በግድግዳ ውስጥ በተሠራ ተሽከርካሪ የእንጨት ሣጥን በኩል ሆነ። ከውጭ ያለው ሰው ዕቃውን ያስቀምጣል፤ ከውስጥ ያለችው መነኩሲት ሣጥኑን አዙራ ትወስዳለች። አይተያዩም።

የግንቡ ምክንያት ሃይማኖት ብቻ አልነበረም። በጣሊያን ከተሞች ሴት ልጅ ስትዳር አባቷ ብዙ ገንዘብ ለባሏ ቤት ይሰጣል። አራት ሴት ልጆች ያሉት አባት ሁሉንም በማዕረግ መዳር አይሆንለትም። ገዳም ደግሞ የምትገባዋ ልጅ ገንዘብ ይዛ እንድትመጣ ቢጠይቅም፣ ባል ከሚጠይቀው ያንሳል። ስለዚህ አንዷ ትዳራለች፣ ሌሎቹ ፈለጉም አልፈለጉም ወደ ገዳም ይላካሉ። ከእነዚህ አንዷ የቬኒስ ተወላጅዋ አርካንጄላ ታራቦቲ ነበረች። ከ1604 እስከ 1652 የኖረች፣ ገና በልጅነቷ ሳንታና በተባለ ገዳም የገባች ሴት ናት። ከግንቡ ውስጥ ሆና አባቶች ሴት ልጆቻቸውን ለገንዘብ ብለው እንዴት እንደሚቀብሯቸው የሚያጋልጡ መጻሕፍት ጻፈች። ዋነኛው መጽሐፏ የታተመው ከሞተች በኋላ በ1654 ነው።

በውስጥም ቢሆን እኩልነት አልነበረም። ገንዘብ ይዛ የገባችው መነኩሲት በመዘምራኑ መካከል ትቆማለች፣ በምርጫ ድምፅ ትሰጣለች። ምንም ሳትይዝ የገባችው የድሃ ልጅ ደግሞ ውኃ ትቀዳለች፣ ታበስላለች፣ ታጥባለች፤ ድምፅም የላትም። ሁለቱም «እኅት» ይባላሉ።

ሌላውንም ገጽ መደበቅ አይገባም። በዚያ ዘመን ሴቶች አለቃቸውን በድምፅ የሚመርጡበት፣ የሒሳብ መዝገብ ራሳቸው የሚይዙበት፣ ማንበብና መጻፍ የሚማሩበት ቦታ ከገዳም በቀር ብዙም አልነበረም። ለአንዷ እስር ቤት የሆነው ለሌላዋ ብቸኛው ትምህርት ቤት ነበር።

ከግንቡ ውጭ መኖር የፈለጉት

ከ13ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በዛሬዋ ቤልጂየምና በአካባቢዋ ቤጊን የሚባሉ ሴቶች ነበሩ። በሕግ መነኮሳይት አይደሉም። የዕድሜ ልክ መሐላ አይገቡም፣ ከፈለጉ ወጥተው ማግባት ይችላሉ። በአንድ ቅጥር ውስጥ ትንንሽ ቤቶች ሠርተው፣ መካከሉ ላይ ቤተ ክርስቲያን አቁመው ይኖራሉ። ሱፍ ይፈትላሉ፣ ልብስ ያጥባሉ፣ በሽተኛ ያስታምማሉ፣ ልጆች ያስተምራሉ። በሠሩት ይበላሉ። በብሩዥ ከተማ ያለው ሰፈራቸው የተመሠረተው በ1245 ነው። ባል የሞተባትና ያላገባች ሴት በር ዘግታ በሰላም የምታድርበት፣ የሠራችበትን ገንዘብ በራሷ እጅ የምትይዝበት ሰፈር ነበር።

ቤተ ክርስቲያንም መንግሥትም በጥርጣሬ ሲያዩአቸው ኖረዋል። አንዳንዴም አሳደዋቸዋል። ሆኖም ሰፈሮቻቸው ብዙ ዘመን ቆዩ። የመጨረሻዋ ቤጊን በኮርትሬይክ ከተማ በ92 ዓመቷ ያረፈችው በ2013 ነው። ቤቶቹ ግን ዛሬም አሉ። ዩኔስኮ በ1998 ከእነዚህ ሰፈሮች 13ቱን በዓለም ቅርስነት መዝግቧል። የብሩዡ ሰፈር ከ1927 ጀምሮ የቤኔዲክት ማኅበር መነኮሳይት መኖሪያ ሆኗል። የሉቨኑን ዩኒቨርሲቲው በ1962 ገዝቶ አደሰው፤ ዛሬ ተማሪዎችና መምህራን ይኖሩበታል።

ከቤጊኖቹ በኋላም ብዙዎች ሞክረዋል። በ1535 አንጄላ ሜሪቺ የምትባል ጣሊያናዊት በብሬሻ ከተማ ያቋቋመችው ማኅበር አባላት በየቤተሰባቸው ቤት እየኖሩ ያገለግሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ አብዛኞቹ ቅርንጫፎች በግንብ ውስጥ እንዲገቡ ተደረጉ። ሜሪ ዋርድ የምትባል እንግሊዛዊት ደግሞ በ1609 ግንብ የሌለው፣ በሴቶች የሚመራ፣ ሴት ልጆችን የሚያስተምር ማኅበር ጀመረች። በ1631 ማኅበሯ በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ትእዛዝ ፈረሰ፤ እርሷም ሙኒክ ውስጥ በአንድ ገዳም ታሰረች። ከእስር ቤት ሆና ለእኅቶቿ የምትልከውን ደብዳቤ በሎሚ ጭማቂ ትጽፍ ነበር። ወረቀቱ እሳት ካልተጠጋው ባዶ ይመስላል።

መውጫ መንገዱን ያገኙት ፓሪስ ውስጥ ነው። በ1633 ሉዊዝ ደ ማሪያክ የተባለች ባሏ የሞተባት ሴት ከካህኑ ቪንሴንት ደ ፖል ጋር ሆና የገጠር ልጃገረዶችን በቤቷ ሰብስባ ድሆችን እንዲያስታምሙ ማሠልጠን ጀመረች። ማኅበሩ ዶተርስ ኦፍ ቻሪቲ ይባላል፤ በአማርኛ የፍቅር ሥራ ልጆች ማለት ነው። ሁለቱ መሥራቾች ከሌሎቹ ውድቀት የተማሩ ይመስላሉ። መነኮሳይት ናችሁ ከተባሉ በግንብ እንደሚዘጋባቸው ያውቃሉ። ስለዚህ «መነኮሳይት አይደለንም» አሉ። ቤታቸውን ገዳም ብለው አልጠሩትም። መሐላቸውን ለዕድሜ ልክ ሳይሆን ለአንድ ዓመት ብቻ አደረጉት፤ እስከ ዛሬም በየዓመቱ ያድሱታል። ቪንሴንትም የእነርሱ ገዳም የበሽተኛ ቤት፣ የእነርሱ ቅጥር የከተማው መንገድ እንደሆነ ያስተምር ነበር።

ከዚያ በኋላ በዚህ መንገድ ብዙ ማኅበሮች ተወለዱ። ሮም ግን እነዚህን ሴቶች በሙሉ ማዕረግ በሕጓ ያወቀቻቸው በ1900 ነው፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 13ኛ ባወጡት ደንብ። ከፓሪሱ ቤት እስከዚያ 267 ዓመት ይሆናል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሥራው አልቆመም።

የአንድ ማኅበር ቤቶች፤ ኒው ዮርክ

አንድ ማኅበር ከቤት ቤት እንዴት እንደተሻገረ በቅርብ ለማየት የኒው ዮርክን የቻሪቲ ሲስተሮች መረጥን።

የዚህ ዛፍ ሥር ኤሊዛቤት ሲተን ናት። ባሏ ሞቶባት አምስት ልጆች ለብቻዋ የቀሩባት ሴት ነበረች። በ1809 በሜሪላንድ ግዛት ኤሚትስበርግ በሚባል ቦታ ማኅበሯን አቋቋመች። በ1817 ሦስት ሲስተሮች ወላጅ አልባ ሕፃናትን እንዲያሳድጉ ወደ ኒው ዮርክ ላከች። የኒው ዮርኮቹ በ1846 ራሳቸውን የቻሉ ማኅበር ሆኑ። በ1847 ከከተማው ወጣ ባለ ቦታ ዋና ቤታቸውንና የሴት ልጆች ትምህርት ቤት ከፈቱ። ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ ግን ከተማው ለሕዝብ መናፈሻ ቦታውን ፈለገው። ያ መናፈሻ ዛሬ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ሴንትራል ፓርክ ነው። ሲስተሮቹ ዕቃቸውን ጠቅልለው ተነሡ። በ1856 በሃድሰን ወንዝ ዳር የአንድ ታዋቂ ተዋናይ ርስት የነበረውን ሰፊ መሬት በማኅበራቸው ስም ገዙ። ትምህርት ቤታቸው እዚያው አድጎ ኮሌጅ ሆነ።

በ1849 ኒው ዮርክ ውስጥ ኮሌራ በገባ ጊዜ በኪራይ ቤት አንድ ሆስፒታል ጀመሩ። ሴንት ቪንሰንት ይባላል። ታይታኒክ በ1912 ሲሰጥም ከተረፉት መንገደኞች ብዙዎቹ የታከሙት እዚያ ነው። በ1980ዎቹ ኤድስ ሲመጣ፣ ሌላው ሰው በሽተኛውን ለመንካት ሲፈራ፣ ይህ ሆስፒታል አልጋ ዘርግቶ ተቀበላቸው። በ1869 ደግሞ ደጃፍ ላይ የሚጣሉ ሕፃናትን የሚቀበል ቤት ከፈቱ። በሩ ላይ አልጋ አስቀመጡ፤ እናትየዋ ስሟን ሳትጠየቅ ልጇን አስተኝታ መሄድ ትችል ነበር።

ሆስፒታሉ በዕዳ ምክንያት በ2010 ተዘጋ። በቦታው ዛሬ የሀብታሞች አፓርታማ ቆሟል። በ2023 ደግሞ ማኅበሩ በጉባኤው ከእንግዲህ አዲስ አባል ላለመቀበል በድምፅ ወሰነ። የቀሩት ሲስተሮች 150 ገደማ ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸውም ከ80 በላይ ነበር። እስኪያልቁ ድረስ ሥራቸውን እየሠሩ፣ የሚቀረውን ንብረትና ሥራ ለሚረከብ ሰው እያስተላለፉ ለመኖር ወሰኑ። ይህን የወሰኑት ገና ማሰብና መወሰን በሚችሉበት ጊዜ መሆኑን እናስተውል።

ደመወዝ ያልተከፈለበት ዘመን

በ1965 አሜሪካ ውስጥ 180,000 ያህል ሲስተሮች ነበሩ። ዛሬ ከ40,000 በታች ናቸው። ለዚህ ብዙ ምክንያት ይሰጣል። ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ (1962–1965) በኋላ ብዙዎች ማኅበራቸውን ትተው ወጡ። ለሴት ልጅ የትምህርትና የሥራ በር እየተከፈተ ሄደ፤ ሐኪም ወይም የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ለመሆን መመንኮስ የግድ መሆኑ ቀረ። ቤተሰብም ትንሽ ልጅ መውለድ ጀመረ።

ለእኛ ትልቁ ቁም ነገር ግን ቀጥሎ የመጣው ነው። በጥንቱ ጊዜ ሲስተሮቹ የሚያስተምሩት በየቁምስናው ትምህርት ቤት ነበር። ቁምስናው መኖሪያ ቤትና ለወር የምትሆን ትንሽ መቋቋሚያ ይሰጣቸዋል። ያቺ መቋቋሚያ ከመምህር ደመወዝ በእጅጉ ያነሰች ነበረች። ወጣቶቹ ብዙ፣ አሮጊቶቹ ጥቂት ስለነበሩ ወጣቷ ሠርታ አሮጊቷን ትጦራለች። እንዲህ እየተባለ መቶ ዓመት ተኖረ። ስለ ጡረታ ያሰበ ጥቂት ነው። የአገሩ የጡረታ ሕግም የድህነት መሐላ የገቡትን አይመለከትም ነበር፤ ሕጉ ተሻሽሎ ማኅበሮቹ መግባት የቻሉት በ1972 ነው። ያኔም ቢሆን የጡረታው ልክ የሚሰላው ከትንሿ መቋቋሚያ ስለሆነ የሚደርሳቸው ጥቂት ነበር።

ከዚያ የወጣቶቹ ቁጥር ወረደ፤ የአሮጊቶቹ ወጣ። የምታጎርሰው እጅ አነሰች፣ የሚጎርሰው አፍ በዛ። በ1988 የአሜሪካ ካቶሊኮች ለአረጋውያን ደናግልና መነኮሳት በዓመት አንድ ጊዜ፣ በዲሴምበር ወር፣ በየቤተ ክርስቲያኑ ገንዘብ ማሰባሰብ ጀመሩ። እስከ ዛሬም ይሰበሰባል። ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሰው ልጅ ያስተማሩ ሴቶች በእርጅናቸው የሚጦሩበት ገንዘብ በሙዳይ እየተለቀመ ማለት ነው።

የቤቱም ጉዳይ እዚህ ላይ ይነሣል። ብዙ ሲስተሮች የኖሩበት ቤት የማኅበራቸው ሳይሆን የቁምስናው ወይም የሀገረ ስብከቱ ነበር። ትምህርት ቤቱ ሲዘጋ ቤቱም ይለቀቃል። በ2007 የሎስ አንጀለስ ሊቀ ጳጳስ ሀገረ ስብከት በካህናት ጥቃት ለደረሰባቸው ሰዎች 660 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ተበዳዮቹ ሊካሱ የሚገባቸው ናቸው፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ለዚያ ከሚሸጡት ንብረቶች አንዱ ግን በሳንታ ባርባራ ከተማ ሦስት የቤታንያ ሲስተሮች የሚኖሩበት ቤት ሆነ። ሲስተሮቹ በሰፈሩ ድሆችን ሲያገለግሉ የኖሩ ነበሩ፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልቀቁ ተባሉ። በደሉን የፈጸሙት እነርሱ አይደሉም። ዕዳውም የእነርሱ አልነበረም። ቤቱ ግን በስማቸው አልነበረም።

ይህን ከሃድሰን ወንዝ ዳሩ መሬት ጋር አስተያዩት። ኒው ዮርኮቹ አንድ ጊዜ ከቦታቸው ከተነሡ በኋላ ቀጣዩን መሬት በራሳቸው ማኅበር ስም ገዙ። ስለዚህም በዚያ መሬት ላይ የሚወስኑት እነርሱ ሆኑ።

ዛሬ የት ናቸው?

በ2022 መጨረሻ በዓለም ላይ 599,000 ያህል የካቶሊክ ደናግል ነበሩ። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ቁጥሩ በየዓመቱ ይቀንሳል። በአፍሪካ ይጨምራል፤ በዚያው ዓመት 83,000 ያህል ደርሶ ነበር። ህንድም ብዙ ደናግል ካሉባቸው አገሮች አንዷ ናት። ዛሬ በአውሮፓ አረጋውያን መነኮሳይትን ከሚያስታምሙት ብዙዎቹ ከአፍሪካና ከእስያ የሄዱ ወጣት ሲስተሮች ናቸው።

የሚኖሩበትም ዓይነት በዝቷል። አንዳንዶቹ ዛሬም በዝግ ገዳም ናቸው። ሆኖም ቤቶቹ እየተመናመኑ በመሄዳቸው ሮም በ2016ና በ2018 አዲስ ደንብ አውጥታለች። በአንድ ራሱን በቻለ ገዳም የሙሉ መሐላ መነኮሳይት ቁጥር አምስት ከደረሰ ቤቱ አለቃውን የመምረጥ መብቱን ያጣል፤ ከሌላ ቤት ጋር የመጠጋት ወይም የመዘጋት ጉዳይም ይነሣል። ሌሎች በከተማ ውስጥ ሁለትም ሦስትም ሆነው እንደማንኛውም ተከራይ አፓርታማ ይከራያሉ፤ ጠዋት በአውቶቡስ ወደ ሥራ ይሄዳሉ፤ ማታ አብረው ይጸልያሉ፣ ራት ያበስላሉ። ሌሎች በእርጅና ምክንያት በአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ናቸው፤ አንዳንዴም የተለያዩ ማኅበሮች አንድ መጦሪያ ይጋራሉ። ሮም ውስጥ ደግሞ ሰፋፊ ቤቶቻቸውን ለእንግዳ ማደሪያ እያከራዩ የሚተዳደሩ አሉ። በአገራችንም ከክሊኒኩ፣ ከትምህርት ቤቱና ከሕፃናት ማሳደጊያው አጠገብ በጋራ ቤት ይኖራሉ።

ቤታቸውን ለሌላ ጥቅም ያዋሉም አሉ። ኒው ኦርሊንስ ውስጥ የቅዱስ ዮሴፍ ሲስተሮች ቤት በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ጊዜ በጎርፍ ተጎዳ፤ በዓመቱ መብረቅ ወድቆ አቃጠለው። መሬቱ 10 ሄክታር ያህል ነው። ለቤት ሠሪ ነጋዴ ቢሸጡት ብዙ ገንዘብ ያገኙ ነበር። እነርሱ ግን የዝናብ ውኃ የሚጠራቀምበት፣ ሰፈሩን ከጎርፍ የሚያድን መናፈሻ እንዲሆን በአንድ ዶላር ኪራይ ለከተማው ሰጡት። በካሊፎርኒያ ቡርሊንጌም ደግሞ በ2018 ጥቂት ወጣቶች ለስድስት ወር ያህል ከመርሲ ሲስተሮች ጋር በገዳማቸው አብረው ኖሩ። አብዛኞቹ ሃይማኖተኞች አልነበሩም። የፈለጉት ብቻቸውን ላለመኖር፣ በጋራ መኖር እንዴት እንደሚቻል ከሚያውቁት ለመማር ነበር።

ለእኛ ማኅበርስ?

ከእኛ መካከል በቤይሩት፣ በጅዳ፣ በዱባይ በሰው ቤት ሠርተው የተመለሱ እኅቶች አሉ። አብዛኞቻቸው የላኩት ገንዘብ ቤት ተሠርቶበታል። ካርታው ግን በወንድም ስም ነው፣ ወይም በአባት ስም ነው። «አንቺ ውጭ ስለሆንሽ በእኔ ስም ይውጣ» ተብሎ ነው። ሲመለሱ በገዛ ገንዘባቸው በተሠራ ቤት እንደ እንግዳ ተቀምጠዋል፤ የወንድም ሚስት ፊቷን ባጠቆረች ቁጥር ሻንጣቸውን ያያሉ። ሌሎቻችን ባሎቻችን ሲሞቱ የቤቱ ወረቀት ላይ ስማችን እንደሌለ ያወቅነው ከለቅሶው ማግስት ነው። የሳንታ ባርባራዎቹ ሲስተሮች ነገር ለእኛ ሩቅ ወሬ ያልሆነብን ለዚህ ነው።

አሁን ማኅበራችን ካጠራቀመው ቁጠባ ላይ የጋራ ቤት የመግዛት ሐሳብ ቀርቦለታል። ለብቸኛ አባላትና ለአረጋውያን መኖሪያ የሚሆን፣ አንዱ ክፍል የሚከራይ፣ አንዱ ክፍል ለስብሰባና ለሥራ የሚውል ቤት። ድጋፍ አደርጋለሁ ያለ ወገንም አለ፤ ግን ቤቱ በእርሱ ስም እንዲመዘገብ ይፈልጋል። ከደናግሉ ታሪክ እኛ ያወጣነው ሐሳብ እነሆ።

አንደኛ፣ ቤቱ በማኅበራችን ስም ይመዝገብ። ድጋፉ ቢቀነስም፣ ቤቱ ቢያንስም፣ ወረቀቱ የእኛ ይሁን። ደግ ሰው ዛሬ ደግ ነው፤ ነገ ዕዳ ሊይዘው ይችላል፣ ወራሹም ሌላ ሰው ነው።

ሁለተኛ፣ በፍቅር የሚሠራ ሥራ ሁሉ ይቆጠር። በየተራ አረጋውያንን የሚያስታምሙ፣ የሚያበስሉ፣ ሒሳብ የሚይዙ አባላት ይኖራሉ። ሥራቸው በመዝገብ ተጽፎ በእርጅናቸው የሚታሰብላቸው መሆን አለበት። «እግዜር ይስጥሽ» ጥሩ ቃል ነው፤ መድኃኒት ግን አይገዛም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ ያላትም የሌላትም እኩል ድምፅ ይኑራት። ብዙ ያዋጣችው የምትወስንበት፣ ጥቂት ያዋጣችው የምታጥብበት ቤት ከሆነ የድሮውን ገዳም ነው የምንደግመው።

አራተኛ፣ በሩ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። መግባትም መውጣትም በፈቃድ ይሁን። ልጇ ጋ ልኑር ብላ የምትወጣ አባል ድርሻዋን እንዴት እንደምትወስድ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ቤጊኖቹ ሰባት መቶ ዓመት የቆዩት ሴቶቹን አስረው ይዘው አይመስለንም።

አምስተኛ፣ መጨረሻውን አሁን እንጻፍ። ብዙዎቻችን ከ50 አልፈናል። አንድ ቀን ቁጥራችን ያንሳል። ያኔ ቤቱ ለማን ይሁን? ለልጆቻችን ይከፋፈል? ለሌላ የሴቶች ማኅበር ይተላለፍ? ይሸጥና ለተማሪ ልጃገረዶች ይሁን? ኒው ዮርኮቹ ይህን ለመወሰን አልፈሩም። እኛም ስለ ሞት እንደማውራት አንቁጠረው። ሳይጻፍ የቀረ ነገር በሌላ ሰው ይጻፋል።

አንዳንድ እኅቶች የጋራ ቤት ጠብ ያመጣል ይላሉ። እውነት ነው፣ ያመጣል። ደናግሉም ይጣላሉ፤ የኑሮ ደንቦቻቸው ስለ ቁጣ፣ ስለ ሐሜት፣ ስለ ይቅርታ አብዝተው የሚናገሩት ለዚህ ይመስለናል። ደንብ የሚጻፈው ጠብ ስለሌለ አይደለም። ጠብ በመጣ ጊዜ ማንም ከቤት እንዳትባረር ነው።

በሚቀጥለው ወር ጉባኤ በመተዳደሪያ ደንቡ ላይ ድምፅ ይሰጣል። እስከዚያ እያንዳንዳችን እነዚህን አምስት ነጥቦች ከጎረቤት አባል ጋር እንነጋገርባቸው፤ ማንበብ ለማይችሉ እኅቶቻችን በቡና ሰዓት እናንብብላቸው። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ጽፋችሁም ይሁን በቃል ለንባብ ቡድኑ አድርሱን፤ በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።

የንባብ ቡድኑ